ፀጉራችሁ ሲረግፍ ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት

“ውጭ አገር ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ፀጉሬ እየረገፈ አለቀ፣ የቱን ቫይታሚን ልግዛ?” ይህን ጥያቄ መመለስ ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ እልካለሁ።

መጀመሪያ ተረጋጉ። ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ከባድ ጭንቀት፣ ትኩሳት፣ ወሊድ ወይም ድንገተኛ ክብደት መቀነስ ሲያጋጥም ደግሞ ብዙ ፀጉር በአንዴ ማደጉን ያቆማል። የሚረግፈው ግን ያኔውኑ አይደለም፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ውሃውንና ሻምፖውን ከመርገማችሁ በፊት የዛሬ ሦስት ወር ምን ላይ እንደነበራችሁ አስቡ። ጉዞው፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በቀን አንዴ ቀማምሶ መዋሉ አሁን ማበጠሪያው ላይ እየታየ ነው። ምክንያቱ ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይቆማል። ፀጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። “በሁለት ሳምንት ውጤት” የሚላችሁን ማስታወቂያ እለፉት።

ፀጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ብር ለመቆጠብ ብላችሁ በዳቦና በሻይ አትክረሙ። እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ዓሣ፣ ሥጋ፣ የተገኘውን ብሉ። በተለይ የወር አበባ የሚበዛባችሁ ሴቶች ብረትን አትርሱ። “ደምሽ ደህና ነው” መባል ብቻውን አይበቃም፤ ሂሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚታይበት ልኬት) ሙሉ ሆኖ የብረት ክምችቱ ሊያንስ ይችላል። ክምችቱን የሚያሳየው ምርመራ ፌሪቲን ይባላል። ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሊታለፍ ይችላል። የብረት ክኒን ከታዘዘላችሁ በሻይ ወይም በቡና አትዋጡት፤ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ። ፀሐይ የሚያንስበት አገር ከሆናችሁ ቫይታሚን ዲም ይታይላችሁ፤ ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል።

አሁን እኔ ወደገባሁበት ወጥመድ ልምጣ፤ ባዮቲን የሚባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት። “ለፀጉር፣ ለቆዳ፣ ለጥፍር” የሚል ጠርሙስ ገዛሁ። ጀርባው ላይ 5000 ማይክሮግራም ይላል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ገደማ ነው። ከዚያ ደም ስመረመር “ታይሮይድሽ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ከልክ በላይ እየሠራ ነው” ተባልኩ። እንደገና ቀጠሮ፣ እንደገና ደም፣ እንደገና ጥበቃ። ቅጹ ላይ “የምትወስጂው መድኃኒት” የሚለውን ባዶ ትቼው ነበር፤ ቫይታሚን እንደ መድኃኒት አይቆጠርም ብዬ። አንዲት ነርስ “ሰፕሊመንትስ?” (ቫይታሚን ምናምን ትወስጃለሽ?) ብላ ስትጠይቀኝ ነው ነገሩ የተገለጠው። አቁሜ ስመረመር ምንም የለብኝም። ብዙ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ራሱን ባዮቲንን ስለሚጠቀሙ፣ ደም ውስጥ ሲበዛ ውጤቱን ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጠነቀቀው ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የሚታወቅበትን ምርመራ ጭምር ሊያሳስት ስለሚችል ነው። ልብ በሉ፣ የታመመ ሰው ደህና ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ ሊላክ ይችላል! የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከምርመራው ስንት ቀን ቀድማችሁ ማቆም እንዳለባችሁም ጠይቁ። የባዮቲን እጥረት ያለበት ሰው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው።

“ጓደኛዬን ጠቅሟታል” ብላችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ክኒን የምትደራርቡም አላችሁ። እባካችሁ ተዉ። ቫይታሚን ኤ እና ሴሊኒየም ሲበዙ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ። በእኔ አስተያየት ምርመራው ጉድለት ካላሳየ ገንዘቡን ለምግብ ብታውሉት ይሻላል።

ግንባራችሁ አካባቢ የሳሳው አጥብቆ በመጎንጎን ከሆነ ቫይታሚን አይመልሰውም፤ ሹሩባውን አላሉት። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካያችሁ፣ ወይም የራስ ቆዳችሁ ካመማችሁና ካቃጠላችሁ ደግሞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ከሆነ በኋላ መልሶ አይበቅልም። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀጠሮውን ዛሬውኑ ያዙ።