የስኬል ነፍሳትን ዝምድና በዘረመል መረጃ እንዴት እናጠናለን?

በእንሰት ሥር ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ መስሎ የሚታየው ሚሊባግ፣ የማንጎን ቅጠል በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍነው ስኬልና በትግራይ በለስን ያጠቃው ኮቺኒያል ሁሉም የስኬል ነፍሳት፣ ማለትም የተክል ፈሳሽ እየመጠጡ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ወገን ናቸው። በዓለም ላይ ከ8,000 በላይ ዝርያዎቻቸው ተሰይመዋል። ዝምድናቸውን በመልክ ብቻ መለየት የሚያስቸግረው ሴቶቹ ክንፍ ስለሌላቸውና በብዙዎቹም እግርና አንቴና እየቀጨጨ ወይም ጨርሶ እየጠፋ ስለሄደ ነው። እግር ማጣት በተለያዩ የዘር ሐረጎች ለየብቻው የተከሰተ በመሆኑ፣ እግር የለሾችን ሁሉ የቅርብ ዘመዶች አድርጎ መቁጠር ያሳስታል። የዘረመል መረጃ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም የጥናቱ ጥራት የሚወሰነው ገና ናሙናው ሲለቀም ነው ብዬ አምናለሁ።

ነፍሳቱን ከቅጠሉ ወይም ከቅርፊቱ ጋር ቆርጠው 95 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ ኤታኖል ውስጥ ያስገቡ፤ ቦታውን፣ ቀኑንና በተለይ የተገኘበትን ተክል በእርሳስ ጽፈው ከናሙናው ጋር ያኑሩ፤ ወደ ቤተ ሙከራ ሲደርሱም በበረዶ ማቀዝቀዣ ያቆዩት። በአንድ ቅጠል ላይ ሁለት ዝርያዎች ተደባልቀው ሊኖሩ ስለሚችሉ የብዙ ነፍሳትን አካል በአንድ ቱቦ ውስጥ አይደባልቁ። ለሥራው የሚመረጡት እንቁላል ያልያዙ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሰውነቷ ያበጠ፣ ቀለሟ የጠቆረ ወይም ጀርባዋ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለባት ሴት ብዙውን ጊዜ ጥገኛ ተርብ የገባባት ናት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ሳላጣራ ሠርቼ ከሳምንታት ድካም በኋላ ያገኘሁት የተርቡን ዲኤንኤ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ናሙና በማይክሮስኮፕ ገልብጬ ሳላይ አልጀምርም።

ዲኤንኤ ሲወጣ ነፍሳቱን መጨፍለቅ አያስፈልግም። በቀጭን መርፌ ጎኗን በትንሹ ወግተው ፕሮቲኔዝ ኬ የተባለው ፕሮቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ያሳድሯት። ጠዋት ላይ የውስጥ አካሏ ሟሙቶ ቆዳዋ ብቻ እንደ ቀጭን የሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን እያሳለፈ ይቀራል፤ ፈሳሹ ለዲኤንኤ ማጣሪያ ሲሄድ ቆዳው ቀለም ተነክሮ በስላይድ (በማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ይቀመጣል። የስኬል ዝርያዎች የሚለዩት በዚህ ቆዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ፀጉሮች ስለሆነ፣ ቆዳው ከጠፋ የተገኘው ቅደም ተከተል (የዲኤንኤው ፊደላት አሰላለፍ) የማን እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም።

የጂን ምርጫ በጥያቄው ይወሰናል። ቀስ ብለው የሚለወጡት 18ኤስ እና 28ኤስ የራይቦዞም ጂኖች የቤተሰቦችን ዝምድና ለማየት ይጠቅማሉ፤ ፈጥኖ የሚለወጠው ሲኦአይ የተባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ደግሞ የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ይለያል። ለሌሎች ነፍሳት የሚሠራው የተለመደ የሲኦአይ ፕራይመር (የሚፈለገውን ጂን ለማባዛት መነሻ የሚሆን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) በስኬል ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚከሽፍ ለእነርሱ የተዘጋጀውን መጠቀም ይሻላል። የ18ኤስ ጂን ምን ያህል እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ኤሪዮኮክሲዴ የተባለውና ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ቤተሰብ ሲቆጠር የነበረው ስብስብ ከአንድ የጋራ ግንድ ብቻ የወጣ ሆኖ አልተገኘም።

ቅደም ተከተሉ እንደተገኘ በመጀመሪያ ብላስት በተባለው መፈለጊያ፣ ጂንባንክ ከተባለው ዓለም አቀፍ የዲኤንኤ መረጃ ቋት ጋር ያስተያዩት፤ ተርብ ወይም በነፍሳቱ ሰውነት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ቀጥሎ ማፍት በተባለው ፕሮግራም ከሌሎች ቅደም ተከተሎች ጋር ጎን ለጎን ይደርድሩትና በዓይንዎ ይመርምሩት፤ በሲኦአይ መሃል የፕሮቲን ማቆሚያ ምልክት ከታየ እውነተኛው ጂን ላይሆን ይችላል። የዝምድና ዛፉ ሥር እንዲኖረው የስኬል ዘመድ የሆነውን ክሽክሽን (አፊድን) ለማነጻጸሪያ ያስገቡ። ከዚያ አይኪው-ትሪ በተባለው ዛፍ ሠሪ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጂን የየራሱን ዛፍ ይሥሩ፤ ጂኖቹን ማዋሐድ የሚመጣው ዛፎቹ በግልጽ የማይቃረኑ መሆናቸው ከታየ በኋላ ነው። የቅርንጫፍን አስተማማኝነት በመቶኛ በሚለካው ፈጣኑ የቡትስትራፕ ስሌት ከ95 በታች የሆነ ቅርንጫፍ ላይ ድምዳሜ አይገንቡ፤ ከሌሎቹ በጣም የረዘሙ ሁለት ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡም በስሌቱ ድክመት የተሳሳቡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ተጨማሪ ዝርያዎችን ጨምረው ይሞክሩ።

በሚሊባግና በበርካታ የስኬል ቤተሰቦች ወንዱ ከአባቱ የወረሰውን ዘረመል ለልጆቹ አያስተላልፍም። ይህ ድንቅ ሥርዓት የዝርያዎችን ዛፍ ብዙም ባይነካም፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ መንጋዎችን የሚያነጻጽር ሰው ወንዶችንና ሴቶችን ቀላቅሎ ካሰላ ውጤቱ ይዛባበታል።

ዛፉ ከመልኩ ጋር ሲጋጭ ወደ ስላይዱ መመለስ ነው። ለቀይ ቀለም የሚረባው ኮቺኒያል ሰውነቱ በዱቄት መሰል ሰም ሲሸፈን፣ የዱሩ ዘመዱ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ሰም ይለብሳል፤ ሁለቱም ሲጨፈለቁ ጣትን በደም ቀለም ስለሚያቀልሙ በማሳ ላይ በቀላሉ ይምታታሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ወደ ጂንባንክ ሲያስገቡ የስላይዱን ቁጥርና ስላይዱ የተቀመጠበትን የናሙና ማከማቻ ስም አብረው ይጻፉ።