የአዮናይዘር አየር ማጽጃ ችግሮች፦ ከስለታም ሽታ እስከ ጠቆረ ግድግዳ

ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖርበት አፓርታማ በብርዱ ወራት መስኮት ስለማይከፈት የቡናው ጭስ፣ እጣኑና የወጡ ሽታ ቤት ውስጥ ተከማችተው ይሰነብታሉ። እናቴ ለዚህ መላ ይሆናል ብላ በኢንተርኔት የገዛችው አየር ማጽጃ ፊልተር የማይቀየርለት፣ ድምፅ የማያሰማና መብራት የማይበላ ተብሎ የተነገረለት አዮናይዘር ነበር። ከታች የተዘረዘሩትን ምልክቶች አብዛኞቹን ያየኋቸው በዚያ ማሽን ላይ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ምልክቶቹን ለመረዳት ይጠቅማል። በማሽኑ ውስጥ ባለ ቀጭን መርፌ ወይም ሽቦ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሲለቀቅ፣ በዙሪያው ያለው አየር የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አዮኖች ይሆናል። አዮኖቹ አቧራና ጭስ ላይ ሲለጠፉ አቧራው ራሱ ሙል ይይዝና በአቅራቢያው ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። አንዳንዱ ማሽን ይህን አቧራ የሚሰበስብ ብረት በውስጡ አለው፤ ሌላው አዮኑን ዝም ብሎ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ዋና ሥራውን በፊልተርና በማራገቢያ እየሠራ አዮን የሚለቅ ተጨማሪ ቁልፍ ያለው ነው።

ምልክት፦ ክፍሉ መብረቅ ከወረደ በኋላ እንዳለው አየር ይሸታል

በብየዳ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ አፍንጫን ወጋ የሚያደርገውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ይህንንም ያውቀዋል። ብዙዎች አየሩ ለመጽዳቱ ማረጋገጫ አድርገው ይወስዱታል፤ እናቴም “ሲሸተኝ ደስ ይለኛል” ትል ነበር። ሽታው ግን የኦዞን ነው። ከፍተኛው ቮልት የኦክስጅንን ሞለኪውል ሲሰነጥቀው የተነጠለው አቶም ከሌላ ኦክስጅን ጋር ይጣመርና ኦዞን ይፈጠራል፤ ኦዞን ደግሞ የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ጋዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለስምንት ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው መጠን በሜትር ኩብ አየር 100 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህም በአንድ ሚሊዮን ክፍል አየር ውስጥ 0.05 ክፍል ገደማ ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአንድ ሚሊዮን ክፍል አየር ከ0.05 ክፍል በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጽጃ እንዳይሸጥ ከልክሏል።

መፍትሔው ማሽኑን አጥፍቶ ከሶኬት መንቀልና መስኮት መክፈት ነው፤ የቤት ውስጥ ኦዞን በደቂቃዎች ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ቀጥሎ መርፌዎቹን በደረቅ የጆሮ ጥጥ ማጽዳት ይገባል፤ ቆሻሻ የያዘ መርፌ ኦዞኑን ሊያበዛው ይችላልና። ሽታው ከተመለሰ የአዮኑን ቁልፍ ማጥፋት፣ ቁልፍ ከሌለው ማሽኑን ከነጭራሹ አለመጠቀም የተሻለ ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ ባረጋገጣቸው ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይመልከት፤ ኦዞኑ በአንድ ሚሊዮን ክፍል አየር ከ0.005 ክፍል እንደማይበልጥ የሚመሰክረው የዩኤል 2998 ምልክት ካለበት ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል።

በአፍንጫ ብቻ መተማመን ግን አይበቃም፤ አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ይለምደዋል። እናቴ የመድኃኒት ካርቶኖቿን ያሰረችበት ላስቲክ ከማሽኑ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳነሳው በተለጠጠበት በኩል በጥቃቅን ስንጥቆች ተሞልቶ እጄ ላይ ተበጠሰ። ኦዞን የተወጠረ ላስቲክን እንዲህ ይሰነጣጥቃል። በእርግጥ ላስቲክ በእርጅናም ይበጠሳል፤ ስለዚህ ለጥርጣሬ እንጂ ለማስረጃ አይሆንም።

እጣን ለሚጨስበት ቤት ነገሩ ከዚህም ይከፋል። ከእጣን ሙጫ፣ በሎሚ ወይም በጥድ ሽታ ከተሠራ የወለል ማጽጃም፣ ሊሞኒንና ፓይኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይተናሉ። ኦዞን ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድና እጅግ ረቂቅ ብናኞች ይፈጠራሉ፤ አየር ያጸዳል የተባለው ማሽን ቀድሞ ያልነበረ ብክለት ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ እጣን በሚጨስበትና ወለል በሚታጠብበት ሰዓት አዮኑ መጥፋት አለበት።

ምልክት፦ ከማሽኑ ጀርባ ያለው ግድግዳና የቴሌቪዥኑ መስታወት ጠቁሯል

የእኛ ነጭ ግድግዳ ላይ ጥላሸት የመሰለ ክብ ተስሎ ነበር፤ በጣት ሲነካ ይለቃል፤ በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ግን ይብስ ይሰፋል። ሙል የያዘው አቧራ ወደ ሰብሳቢው ብረት ከመግባት ይልቅ ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ነው። ይህን ያየ ሰው “ሥራውን እየሠራ ነው” ቢል አይፈረድበትም፤ አቧራው በእርግጥ ከአየር ወጥቷል። ይሁን እንጂ ከቤት አልወጣም፤ መጋረጃ ሲራገፍ ወይም ሕፃን ግድግዳውን ሲደገፍ ይመለሳል።

ግድግዳውን በለስላሳ ስፖንጅና በጥቂት ሳሙና ከላይ ወደ ታች ማጠብ፣ ማሽኑን ከግድግዳ ራቅ ማድረግና ሰብሳቢ ብረት ካለው አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ሰብሳቢ ብረት የሌለው ከሆነ ግን ቦታውን መቀየር የሚጠቁረውን ግድግዳ ከመቀየር አያልፍም።

ምልክት፦ ማሽኑ ይንጣጣል

በብረቶቹ መካከል ብልጭታ እየዘለለ ነው፤ ምክንያቱም የተከማቸ አቧራ፣ የሞተች ዝንብ፣ የተጣመመ ብረት ወይም ሳይደርቅ የተመለሰ ብረት ነው። ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ብረቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም አንድ ሙሉ ቀን ማድረቅ ነው። በችኮላ በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ አይመከርም፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ከታጠበና ከደረቀ በኋላም ከተንጣጣ መጠቀም ማቆም ይገባል።

ምልክት፦ የወጥና የቡና ሽታ አልጠፋም

ሽታ በአብዛኛው ጋዝ ስለሆነ አዮን አይሰበስበውም። ተራ የአቧራ ፊልተርም አይይዘውም፤ ወፍራም የአክቲቭ ካርቦን ፊልተር በከፊል ሊቀንሰው ይችላል። ዋናው መፍትሔ ሽታውን ከምንጩ ማስወጣት ነው። በብዙ አፓርታማዎች ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ አየሩን በወንፊት አሳልፎ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚተፋ ነው፤ እየሠራ ሳለ እጅን ከላይኛው ቀዳዳ ፊት ዘርግቶ ማረጋገጥ ይቻላል። ንፋሱ እጅ ላይ ከመጣ ሽንኩርት በሚቁላላበት ሰዓት መስኮት ከፍቶ ብርዱን መታገሥ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መደንዘዝ ከተሰማ ነገሩ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ጋዝ አዮናይዘርም ሆነ የቤት ፊልተር አያስወግደውም። ወዲያው ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ማውጣትና የአደጋ ጊዜ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደወል ከማንኛውም አየር ማጽጃ በፊት መገዛት ያለበት ነው።

ምልክት፦ ማሽኑ ከገባ ወዲህ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ሳል ወይም አስም ተባብሷል

ኦዞን ወይም ከእሱ የሚፈጠሩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ማሽኑን ለአንድ ሳምንት ማቆምና ለውጡን ማየት ይጠቅማል፤ አስም ያለበት ሰው ግን ሳምንት ሳይጠብቅ ማሽኑን አጥፍቶ ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒትን በአየር ማጽጃ መተካት በምንም መልኩ አይገባም።

ምልክት፦ ምንም ምልክት የለም

ሽታ የለውም፣ ግድግዳ አላጠቆረም፤ ነገር ግን የሚሠራው ሥራም አይታወቅም። ይህ ጥርጣሬ የቆየ ነው። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት ሻርፐር ኢሜጅ የተባለ ኩባንያ የሚሸጠው ማራገቢያ አልባ አዮናይዘር አየሩን በበቂ አያጸዳም ብሎ ሲጽፍ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰሰ፤ በ2004 ደግሞ የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፦ ማራገቢያ ከሌለ የክፍሉ አየር ወደ ማሽኑ አይመጣም፤ ያልመጣ አየር ደግሞ አይጸዳም።

ቤት ውስጥ ለመፈተን ረቂቅ ብናኝ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይበቃል። ማታ መስኮት ዘግቶ ጧፍ ለኩሶ ማጥፋት፣ ቁጥሩ ወደ ግማሽ እስኪወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መጻፍ፤ በማግስቱ ማሽኑን አብርቶ ያንኑ መድገም። የመጀመሪያው ልኬት የግድ ነው፤ ጭስ ያለ ምንም ማሽን በራሱም ይረግፋልና። በእናቴ ክፍል በሁለቱ ሌሊቶች መካከል የነበረው ልዩነት ከጥቂት ደቂቃ አላለፈም።

ልዩነት ያመጣው ማራገቢያና ሄፓ ፊልተር ያለው ማሽን ነው፤ ሄፓ 0.3 ማይክሮሜትር የሆነ ብናኝን 99.97 በመቶ ይይዛል። ሲመረጥ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የንጹሕ አየር መጠን (CADR) ማየት ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር ወለል በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ 15 ካሬ ሜትር መኝታ ክፍል 180 ይፈልጋል። ገንዘቡ ካልበቃ አራት ወይም አምስት መርቭ 13 የተባለ የማጣራት ደረጃ ያላቸውን ፊልተሮች ከአራት ማዕዘን ማራገቢያ ጋር በፕላስተር አጣብቆ በፈልሳፊዎቹ ስም የሚጠራውን የኮርሲና ሮዘንታልን ሣጥን መሥራት ይቻላል። እኛ ሣጥኑን ሠርተን ሳሎን አስቀመጥነው፤ እናቴ መልኩን አልወደደችለትም፤ ነጠላ ጣል ልታደርግበት ስትል ግን አየር እንደሚዘጋበት አስረድቼ አስቀረኋት።