«ይሻገራል» አትበሉ

ከአሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ያለሁት አያት ነው፤ ባቡሩ ከሚያበቃበት በባጃጅ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እናቴ ቤት። እሷን ላስታምም ነው የመጣሁት። ግን ስለ አሜሪካ አውቶቡስ ሳወራ የምውልባቸው ቀኖች አሉ። ዲቪ የደረሳቸው ይመጣሉ። በቤተሰብ ፕሮሰስ የሚሄዱ ይመጣሉ። ሄደው ሦስት ወር የሆናቸው ደግሞ ሌሊት ይደውላሉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ኦቲዝም ላለበት ልጅ እዚያ ሰርቪስ አለ አሉ፤ እንዴት ነው የሚገኘው?»

አለ፤ የእኔም ልጅ ይጠቀምበታል። አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንን እልካለሁ።

ያናደደኝ ያለፈው ሳምንት ስልክ ነው። የጎረቤታችን እህት ከሄደች ስድስት ወር ሆኗታል። ልጇ 23 ዓመቱ ነው፤ ዳውን ሲንድረም አለው። ለሐኪም ቀጠሮ መኪና አዘዘችለት። ሰዓቱን ሲጠይቋት «ሁለት ሰዓት» አለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው። በስልክ ያለው አስተርጓሚ ሳያጣራ «ቱ» ብሎ አለፈው። መኪናው የመጣው በእኛ ስምንት ሰዓት፣ ቀጠሮው ካለፈ ከስንት ጊዜ በኋላ። እሷ ተስፋ ቆርጣ ልጇን ይዛ ወጥታለች። ሾፌሩ ጠብቆ ሄደ፣ «ጠርተው ቀሩ» ተብሎ ተመዘገበባት። አስተርጓሚው ማጣራት ነበረበት፣ እሺ። ግን ስድስት ወር ተቀምጦ ሰዓት አለመቀየር ምን ይሉታል? ስልካችሁ ላይ የሚታየውን ቁጥር አንብቡ፣ ኤኤም ወይም ፒኤም ጨምሩበት። በቃ።

ጥያቄው ለምን እንደሚደጋገም ግን ይገባኛል። ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር አንዲት እናት አለች። ልጇ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለው። ጠዋት ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ሰው ሲነካው ስለሚጮህ የሁለት ሰው ሒሳብ ትከፍልና መስኮት ጋ ታስቀምጠዋለች። ረዳቱ ግን ሒሳቡን ተቀብሎም «ጠጋ በሉ» ይላል። ሰልፉ ሲረዝም ራይድ ትጠራለች፤ የወሩ ብር በሁለት ሳምንት ያልቃል። ዘሚ የኑስ ለልጇ የሚሆን ትምህርት ቤት አጥታ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 እ.ኤ.አ. ከከፈተች ወዲህ፣ ቢያንስ የኦቲዝምን ስም የሰማ ሰው በዝቷል። ቦታ ተገኝቶ እንኳ ከከተማ ዳር እዚያ መድረሱ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለዚህች እናት «አውቶቡስ ቤትሽ ድረስ መጥቶ በነጻ ይወስደዋል» ስላት እንባዋ መጣ። እውነት ነው፣ ይመጣል። የሚመጣው ግን ወረቀት ላይ ከተጻፈ ነው።

ልጁ ለትምህርት የደረሰ ከሆነ ሌላ ቢሮ አትዙሩ፤ ትምህርት ቤቱን ያዙ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው። የእድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ በነጻ ይማራል፤ ለመማር ትራንስፖርት የሚያስፈልገው ከሆነም እሱ በነጻ ነው። በአብዛኛው እስከ 21 ወይም 22 ዓመቱ፣ እንደየስቴቱ። መደበኛ ዲፕሎማ ከተቀበለ ግን በዚያው ቀን ያበቃል፤ ለምረቃ ፎቶ ብላችሁ አትቸኩሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም እዚህ ውስጥ አይገባም።

ሁሉ ነገር የሚጻፈው አይኢፒ በሚባለው ሰነድ፣ ማለትም በልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ ነው። ቢያንስ በዓመት አንዴ ትሰበሰባላችሁ። ትራንስፖርት የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ አትፈርሙ። «አናስቸግራችሁም፣ እኛው እናደርሰዋለን» ብሎ የፈረመ ሐበሻ በዓይኔ አይቻለሁ። ባልየው መጋዘን የሌሊት ፈረቃ ሲገባ ማን ሊያደርሰው ነው? ይሉኝታ እዚያ ወንበር ላይ ቦታ የለውም። ይጻፍ፦ የሚወስዱት ከበር ነው ወይስ ከመንገድ ዳር? አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አለ? ልዩ ቀበቶ ያስፈልገዋል? ከሰዓት ሲመለስ የሚቀበለው ማን ነው? ይህን የመጨረሻውን አትናቁት። ስሙ ያልተመዘገበ አጎት ቆሞ ቢጠብቅ ልጁን ላያወርዱለት ይችላሉ። አስተርጓሚ የሚያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው። ታላቅ እህቱን ከክፍሏ አስወጥታችሁ አታስተርጉሙ፤ የወንድሟን ጉድለት አንድ በአንድ በእሷ አፍ ማስነገር ምን ይባላል?

ከትምህርት ቤት በኋላ ያለው ነው ሰው የሚሰበርበት። አውቶቡሱ አንድ ቀን ይቆማል፣ ማንም አይደውልላችሁም። ከዚያ በኋላ ፓራትራንዚት ነው፤ መደበኛውን አውቶቡስ ብቻቸውን መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች በቀጠሮ የሚላክ መኪና። በኒውዮርክ አክሰስ ኤ ራይድ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ሜትሮአክሰስ ይሉታል፤ ስሙ በየከተማው ይለያያል፣ ሕጉ አንድ ነው፣ የ1990 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኞች ሕግ። መደበኛ የከተማ አውቶቡስ ወይም ባቡር ባለበት ሁሉ፣ ያንን ብቻውን መጠቀም ለማይችል ሰው መኪና መላክ ግዴታ ነው። ግዴታው ግን ከአውቶቡስ መስመሩ ግራና ቀኝ ሦስት ሩብ ማይል ድረስ ነው፤ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የአውቶቡስ መስመሩን ካርታ እዩ። እኛ ሰዎች «ትንሽ ወጣ ቢልም ርካሽ ነው» እንወዳለን። አያትና ኮዬ ፈጬ የኖረ ሰው የርካሽ ቤትን የመንገድ ዋጋ ማወቅ ነበረበት፤ ግን ደርሰን ያንኑ እንደግማለን።

አሁን ወደ እኔ ጉድ።

ልጄ 21 ሲሞላው ለፓራትራንዚት አመለከትን፤ ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። ሴትየዋ ደግ ነበረች። ወረቀቷን ዘርግታ ትጠይቃለች። «መንገድ ይሻገራል?» «ይሻገራል።» «አውቶቡስ ላይ ረግቶ ይቀመጣል?» «እንዴታ፣ አውቶቡስ እንደሱ የሚወድ የለም።» «ቁጥር ያነባል?» «በደንብ።» «ቢጠፋ ሰው ማነጋገር ይችላል?» «ተመስገን፣ ይናገራል።»

አንድም ውሸት የለበትም። ይሻገራል፤ እጁን ይዤው። ረግቶ ይቀመጣል፤ አጠገቡ እኔ ስላለሁ። ቁጥር ያነባል፤ 38 ቁጥር ሲመጣ የሚሳፈረው ግን 38ን ስለሚወድ እንጂ የምንሄድበት ስለሚያደርሰን አይደለም። ይናገራል፤ የሚናገረው ግን የትናንቱን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው።

ደብዳቤው መጣ። መደበኛውን አውቶቡስ መጠቀም ስለሚችል አገልግሎቱ አይገባውም ይላል። ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሳምንታት አለፉ። ባለቤቴ ከሥራው በቀን ሁለት ሰዓት እየቆረጠ ያመላልሰው ጀመር፤ ደሞዙም አብሮ ተቆረጠ። የልጄ የድሮ አስተማሪ ናት ደብዳቤውን አይታ «ምን ብለሽ መለስሽ?» ያለችኝ። ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝ።

ለምን እንደዚያ መለስኩ? አገር ቤት ያደገ ሰው አይጠይቀኝም። ስለ ልጅሽ ጉድለት ለባዕድ አታወሪም፤ ሟርት ነው። «ልጁ እንዴት ነው?» ሲሉሽ «ተመስገን፣ ለውጥ አለው» ነው መልሱ። ጸበልም፣ ሠርግ ቤትም፣ እድር ላይም ሃያ ዓመት ያንን ስል ኖሬ አፌ ለምዶታል። ደግሞም ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል። እሱ ፊት «አይችልም፣ አይችልም» እያልኩ ልቁጠር? ይሄኛው አሁንም ያመኛል። የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የሚያስፈልገውን በጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ስጡ፣ ወይም ለብቻዬ ላነጋግርሽ በሉ። የሚያስቀይማት ነገር የለም።

ይግባኝ ለመጠየቅ ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። እኔ ሊያልቅ ሲል ነው የደረስኩት። ለይግባኙ አስተማሪዋ ደብዳቤ ጻፈች። እኔ ደግሞ አንድ ጠዋት ልጄን ከፊት አስቀድሜ ከኋላ እየተከተልኩ ያየሁትን ሁሉ መዘገብኩ። መብራቱ ጋ ቆመ። አረንጓዴ በራ፣ ጠፋ፤ በራ፣ ጠፋ። ሦስት ጊዜ። እየቆጠረ ነው። አራተኛው ላይ በቀይ ገባ። ሮጬ ያዝኩት። ያችን አንድ ገጽ አስገባሁ፤ ተፈቀደ። እነሱ የምርመራውን ስም አይደለም የሚመዝኑት። «ኦቲዝም አለበት» ብቻውን አያስፈቅድም። የሚፈልጉት መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን ነው።

እናም ጥያቄ ስትጠየቁ «ብቻውን» የሚለውን ቃል ራሳችሁ ጨምሩበት። ብቻውን ይሻገራል? በማያውቀው መንገድ? አውቶቡሱ መስመር ቢቀይር? መልሱን በጥሩ ቀኑ ሳይሆን በክፉ ቀኑ ለኩት። ፊት ለፊት ያለችውን እናት ቡና ላይ እያለማመድኳት ነው። «ይሻገራል?» ስላት እስካሁን «ተመስገን» ትለኛለች።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። የተሟላ ማመልከቻ ካስገባችሁ በ21 ቀን ውስጥ ካልመለሱላችሁ፣ እስኪወስኑ ድረስ አገልግሎቱን መስጠት አለባቸው፤ ደውላችሁ ይህንኑ በሉ፣ በራሳቸው አይነግሯችሁም። ዋጋው ከመደበኛው አውቶቡስ እጥፍ አይበልጥም። ረዳት የሚያስፈልገው ከሆነ ረዳቱ አይከፍልም፤ ስታመለክቱ አስመዝግቡት። መኪናው ከአንድ ቀን በፊት ይታዘዛል። ሰዓቱን እስከ አንድ ሰዓት ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊገፉት ይችላሉ። ወዴትና ለምን እንደምትሄዱ አያስቀድሙበትም፤ ሐኪም ቤትም ሆነ የጥምቀት በዓል እኩል ነው። በብዙ ከተማ መኪናው እናንተ ጋ የሚመጣበት ጊዜ የ30 ደቂቃ ክፍተት አለው፤ ሾፌሩ ከደረሰ በኋላ ግን አምስት ደቂቃ ያህል ነው የሚቆመው። «ጫማ እያደረግን ነው» አይሠራም። መቅረት ከተደጋገመ ለጊዜው ያግዷችኋል። እነሱ ሲያረፍዱ ማን እንደሚያግዳቸው እንጃ።

ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ያለው ሰው ለሕክምና ቀጠሮ መጓጓዣ ከዚያ ያገኛል፤ እሱ ከፓራትራንዚት የተለየ ነው፣ ስልኩም ሌላ ነው። በዲቪ የገባ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት ይጠብቃል፤ ለልጆች ሳያስጠብቁ የሚሰጡ ስቴቶች አሉ። ዌቨር የሚባለውን የሜዲኬይድ ተጨማሪ የድጋፍ ፕሮግራም ደግሞ በመጀመሪያው ወር ጠይቁ። የቀን ማዕከልና መመላለሻውን ሊሸፍን ይችላል፤ ወረፋው በብዙ ስቴት ዓመታት ነው። ስቴት ከቀየራችሁ ወረፋው አብሯችሁ አይሄድም። የአክስት ልጅ ጠራኝ ብላችሁ ከሜሪላንድ ቴክሳስ ከመዛወራችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሰው የማይስማማበትን አንድ ነገር ልናገር። ፓራትራንዚት ከተፈቀደ በኋላም ልጃችሁን መደበኛ አውቶቡስ አለማምዱት። በብዙ ከተማ በነጻ የሚያሰለጥን አለ። የእኔ ልጅ አሁን አንድ መስመር፣ ከቤት እስከ ቤተ መጻሕፍት፣ ብቻውን ይሄዳል። ሁለት ዓመት ፈጀ። ሌላውን ሁሉ መኪናው ይወስደዋል። መኪና ተፈቀደልኝ ብሎ ልጁን ከበር እስከ በር እንደ ዕቃ የሚያጓጉዝ ወላጅ አይገባኝም።

ገና ያልተነሣችሁ ከሆነ ደግሞ የሐኪም ማስረጃውን እዚሁ፣ በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። የልጁ ማዕከል ወይም ትምህርት ቤት ስለ ጠባዩ ግማሽ ገጽ ይጻፍላችሁ። ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ።

ከዚህ በላይ ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ። ሌሊት ግን አትደውሉ፤ እናቴ ትነቃለች።