አመጋገብንና ካንሰርን ለሚያጠና ጀማሪ ተመራማሪ

በአመጋገብና በካንሰር ስጋት መካከል ያለውን ግንኙነት ማጥናት የሚሻ ሐኪም አስቀድሞ የኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታዎች በሕዝብ መካከል እንዴትና ለምን እንደሚሰራጩ የሚያጠና ዘርፍ) እና የስታቲስቲክስ ዕውቀቱን ያጠናክር። ከዚያም የራሱን ጥናት ከባዶ ከመጀመር ይልቅ ለዓመታት ክትትል ሲደረግበት በቆየ ጥናት ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል፤ አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ዋልተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ 121,700 ነርሶችን ይዞ በተጀመረው ጥናት ላይ በ1980 የምግብ መጠይቅ እንዲታከል ያደረገው በዚህ መንገድ ነው። መጠይቁ «ቅቤ በሳምንት ስንት ጊዜ ይመገባሉ?» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ የአንድ ጊዜውን መጠንም ይግለጽ። የታመመ ሰው የበሽታውን ምክንያት ሲፈልግ የቀድሞ አመጋገቡን አዛብቶ ሊያስታውስ ስለሚችል፣ መረጃው ከሕመሙ በፊት መሰብሰቡ እጅግ ይጠቅማል። ማጨስን፣ የአልኮል መጠጥንና የሰውነት ክብደትን በስሌቱ ያላካተተ ውጤት ግን፣ የቱንም ያህል ቢያጓጓ (ማጓጓቱ ራሱ ያጠራጥራል)፣ ለኅትመት ሊቸኮልበት አይገባም።