ልጅ ተወልዷል፣ የእረፍት ጉዞው ተይዟል፦ ትሄዳላችሁ ወይስ ታስተላልፉታላችሁ?

ጉዞው የተያዘው ምናልባት እርግዝናው ገና ሳይታወቅ ነው። አሁን ሕፃኑ ተወልዷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ለሆቴሉ ቀብድ ተከፍሏል፣ ታላላቆቹ ልጆችም ቀን እየቆጠሩ ነው። እንዲህ ሲሆን ብዙ ቤተሰብ «እስቲ ሲደርስ እናያለን» ይላል። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ይህ ነው። ቀኑ እስኪደርስ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻልበት ጊዜ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወስነው የተከፈለው ገንዘብ እንጂ የእናትየውና የሕፃኑ ሁኔታ አይሆንም።

ስለዚህ ስለ ጤና ከማሰባችሁ በፊት ቀን ቁረጡ።

የውሳኔ ቀን

የቲኬቱን፣ የሆቴሉንና የኪራይ መኪናውን ውል አውጡና ለእያንዳንዱ 3 ነገር ጻፉ፦ እስከ መቼ ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ ወይም ቀን መቀየር ይቻላል፣ ካለፈ ምን ያህል ይቆረጣል፣ የሚመለሰውስ ገንዘብ ነው ወይስ ለሌላ ጊዜ የሚያገለግል ኩፖን? ኩፖን ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ፤ 6 ወር ብቻ የሚያገለግል ኩፖን ጨቅላ ላለው ቤተሰብ ብዙም አይጠቅምም። ከቀኖቹ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰውን ያዙና 5 ቀን ቀንሱለት። የውሳኔ ቀናችሁ ያ ነው። 5ቱ ቀን ስልክ ለማይነሳበት፣ ለኢሜይል መልስ ለሚዘገይበትና ለበዓል ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ቀን መቀየር በነጻ» የሚል ቲኬት ነጻ የሚያደርገው የመቀየሪያውን ቅጣት ብቻ ነው። በአዲሱ ቀን መቀመጫው ከተወደደ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ። የጉዞ ኢንሹራንስ ካላችሁም ውሉን በደንብ አንብቡት፤ በብዙ ውሎች ልጅ መወለዱ ብቻውን ለስረዛ ምክንያት አይሆንም፣ ሐኪም «አትጓዝ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ግን ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ በስሙ ካልተጨመረ ደግሞ መንገድ ላይ ቢታመም ውሉ ላይሸፍነው ይችላል።

ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ ወረቀቱ በቅደም ተከተል ነው የሚሄደው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ቪዛ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭን ላይ ቢቀመጥም ቲኬት ያስፈልገዋል፣ ቲኬቱ ላይ ያለው ስምም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። በውሳኔው ቀን ፓስፖርቱ እጃችሁ ላይ ካልገባ ሌላውን ሁሉ መመዘን አያስፈልግም፤ አስተላልፉት።

የእናትየው ሰውነት

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ሕፃኑ መንገዱን ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ግን ጉዞው በይበልጥ የሚከብደው ለእናትየው ነው። ከወሊድ በኋላ ያለው ደም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ማህፀንም ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመለሰው በዚያው ጊዜ ውስጥ ነው። ደሙ እስኪቆምና ቁስሉ እስኪድን ዋና አይፈቀድም። ጉዞው የባህር ዳርቻ ከሆነ ይህ ብቻውን ነገሩን ይለውጠዋል።

ከባዱ ጉዳይ የደም መርጋት ነው። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ለምጡ ሲዘጋጅ ደሙ ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል፤ በወሊድ ወቅት ብዙ ደም እንዳይፈስ ነው። ይህ ለውጥ ልጁ እንደተወለደ ወዲያው አይመለስም። አደጋው በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከፍተኛ ነው፣ ከዚያም ቀስ እያለ ይቀንሳል። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ደግሞ ይብስባታል። በዚህ ላይ ከ4 ሰዓት በላይ እግር አጥፎ መቀመጥ ሲጨመር በእግር ውስጥ ያለው ደም ይዘገያል፤ የረጋው ደም ከተላቀቀ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ስለዚህ መንገዱ የማይቀር ከሆነ በየ1 ሰዓቱ ወይም ቢበዛ በየ2 ሰዓቱ ተነስታ ትራመድ፣ በመቀመጫዋም ቁርጭምጭሚቷን ታዟዙር፣ ውሃ በደንብ ትጠጣ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶባት የሚያውቅ ከሆነ መርፌ ወይም ልዩ ካልሲ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትነሳ። የአንድ እግር ባት ቢያብጥ፣ ቢሞቅ ወይም ስትረግጥ ቢያማት፣ በተለይም ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ሰዓት ሳይታይ ሐኪም ቤት ነው።

በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ እስከ 6 ሳምንት ከሕፃኑ የከበደ ዕቃ አታነሳም። ሻንጣው፣ የሕፃኑ ጋሪ፣ የመኪናው መቀመጫ፣ የደከመው የ3 ዓመት ልጅ፣ እነዚህን ሁሉ ሌላ ሰው ይሸከም ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ በስም መጥራት ካልቻላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

የደም ግፊትም አለ። በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊቷ ደህና የነበረች እናት እንኳ ከወለደች በኋላ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ግፊቷ በድንገት ሊወጣ ይችላል። የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መጭበርበር፣ ከቀኝ ጎድን በታች የሚሰማ ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ምልክቶች መንገድ ላይ «ድካም ነው» እየተባሉ ይታለፋሉ፤ ጉዞ ላይ ሁሉም ሰው ደክሞታልና። እንደዚሁም በ1 ሰዓት ውስጥ አንድ ትልቅ ፓድ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት ሳትጠብቅ ሐኪም ቤት ትሂድ።

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው። ከዚያ ከዘለቀ የድኅረ ወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ያስፈልገዋል። «ትንሽ ወጣ ብትል ይሻላታል» ብሎ ጉዞ ማስገደድ ደግነት ይመስላል፣ ግን እንቅልፏን ይቀንስባታል፣ ከሚያግዟትም ሰዎች ያርቃታል። በእኛ ሚዛን ከሁለቱ ወላጆች የአንዱ «አልችልም» ብቻውን የሚበቃ ከሆነ ያ የእሷ ነው። ደግሞም በሰው ፊት አትጠይቋት፤ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ገንዘቡን ሳታነሱ ጠይቋት።

ስለዚህ ከ6ኛው ሳምንት ምርመራ በፊት ከቤት ከ2 ሰዓት በላይ የሚያርቅ ጉዞ አንመክርም። ለምርመራው ስትሄድ «መጓዝ እችላለሁ?» ብላ አትጠይቅ፤ መልሱም እንደ ጥያቄው ድፍን ይሆናል። «በ10 ቀን ውስጥ 7 ሰዓት በአውሮፕላን ልሄድ ነው፤ ስፌቴ፣ ግፊቴና የደሜ መጠን እንዴት ነው?» ብላ ትጠይቅ።

ሕፃኑ

ብዙ አየር መንገዶች 7 ቀን ያልሞላውን ሕፃን አይጭኑም፤ 14 ቀን የሚሉም አሉ፣ የሐኪም ደብዳቤ የሚጠይቁም አሉ። ግን መፈቀዱ መልካም መሆኑን አያሳይም። ትልቁ ቁጥር ሌላ ነው፦ ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት በሐኪም መታየት አለበት፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም። በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽን ያለ ሳልና ያለ ለቅሶ በትኩሳት ብቻ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ስለ መድረሻው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሆቴሉ አይደለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሕፃን የሚያይ ሐኪም ቤት በስንት ደቂቃ ይደረሳል? ከ30 ደቂቃ በላይ ከሆነና ልጁ 3 ወር ካልሞላው አስተላልፉ። ቴርሞሜትር ደግሞ ከሻንጣው ውስጥ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳው ውስጥ ይሁን።

ክትባቱንም ከጉዞው ቀን ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያው ዙር እንደየአገሩ በ6 ሳምንት ወይም በ2 ወር ይጀምራል፤ ያ ቀን ጉዞው መሃል ከወደቀ ጉዞው እንጂ ክትባቱ አይሸጋሸግም። ኩፍኝ ወዳለበት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ክትባቱ ከ6 ወር ጀምሮ ቀድሞ ሊሰጥ ይችላል፤ መደበኛው መጠን ግን በጊዜው ይደገማል። ቢጫ ወባ ሌላ ነገር ነው። ክትባቱ ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም፣ በመደበኛነት የሚሰጠው ከ9 ወር በኋላ ነው፤ ለምታጠባ እናትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መድረሻችሁ ቢጫ ወባ ያለበት ከሆነ ሳትከራከሩ አስተላልፉት።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ለበረራ ዕድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ከባህር ወለል ከ1800 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ስስ ስለሆነ ሳንባው ያልጠነከረ ሕፃን ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል። ከመብረሩ በፊት ሐኪሙ ይወስን።

በመኪና ከሆነ ርቀቱን ሳይሆን ሰዓቱን አስሉ። ጨቅላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ማቆም፣ ማጥባት፣ ማስገሳት፣ ዳይፐር መቀየር፣ መልሶ ማሰር ሲደመር 40 ደቂቃ ይሆናል። ሕፃን በመኪና መቀመጫው ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይሻላል፤ አንገቱ ደካማ ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ መተንፈሻውን ሊዘጋበት ይችላል። የ5 ሰዓት መንገድ እንዲህ ሆኖ ከ6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያላነሰ ይፈጃል። መቀመጫው ወደ ኋላ የዞረ ይሁን፣ ኤርባግ ካለበት የፊት ወንበርም አይታሰር።

ዕድሜን ብቻ ብንመለከት ከ3 እስከ 7 ወር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይቀላል። የሕፃን ለቅሶ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆነው ይረግባል፤ መዳህ ደግሞ ገና አልጀመረም። ከ6 ወር በታች ከሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ፈልጉ፤ ሙቀት ነው ብላችሁም ውሃ አትስጡት፣ ጡቱን ወይም ወተቱን አዘውትሩለት።

የልምምድ ሌሊት

ከውሳኔው ቀን አንድ ሳምንት በፊት ሙሉ ጉዞውን በትንሹ ሞክሩት። ለ24 ሰዓት የሚሆን ዕቃ ጫኑ፦ 12 ዳይፐር፣ ለሕፃኑ 4 ቅያሪ፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ አንድ ቅያሪ ሸሚዝ፣ የቆሸሸውን ለማሰሪያ ፌስታል። ዋናው ጉዞ በሚነሳበት ሰዓት ተነሱ፣ ከቤታችሁ ውጭ አንድ ሌሊት እደሩ። ሦስት ነገር መዝግቡ፦ «እንውጣ» ከተባለ በር እስኪዘጋ ስንት ደቂቃ ሄደ፣ እናትየው ሳትነቃ በተከታታይ ስንት ሰዓት ተኛች፣ በነጋታው ማን ማንን ተቆጣ። ለመውጣት ከ2 ሰዓት በላይ ከፈጀ፣ ተከታታይ እንቅልፏም 3 ሰዓት ካልሞላ፣ ለ7 ቀን ጉዞ አልደረሳችሁም። ታልቦ የተያዘ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በረዶ ባለው ማቀዝቀዣ ቦርሳ 24 ሰዓት ይቆያል። የዱቄት ወተት ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከመስጠታችሁ በፊት ይቀዘቅዛል፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። እነዚህን ነገሮች በልምምዱ ሌሊት ካልቻላችሁ ሆቴል ውስጥ አይቀሉም።

ከመሄድና ከማስተላለፍ መሃል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ጉዞውን ማሳጠር። 10ሩን ቀን 4 አድርጉት፤ በየሁለት ቀኑ ሆቴል መቀየሩን ትታችሁ አንድ ቦታ ተቀመጡ፤ ፍሪጅና ውሃ ማፍያ ያለው፣ ታላላቆቹ ሳይነቁ ማጥባት የሚቻልበት ሁለተኛ ክፍል ያለው ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚሳካው ይህኛው ነው።

ካስተላለፋችሁ ለታላላቆቹ ልጆች አዲሱን ቀን ይዛችሁ ንገሯቸው። «ሕፃኑ ስላለ ቀረ» ከተባሉ ቂሙ ሕፃኑ ላይ ያርፋል፤ «በዚህ ወር በዚህ ቀን እንሄዳለን» ብላችሁ በቀን መቁጠሪያው ላይ ራሳቸው ያክብቡት። አዲሱን ቀን ሕፃኑ 4 ወይም 5 ወር በሚሆነው ጊዜ፣ ከክትባቱ ቀን ቢያንስ 3 ቀን አርቃችሁ ምረጡ። ስትደውሉ መጀመሪያ አየር መንገዱ ጋ፣ ቀጥሎ ሆቴሉ ጋ ይሁን፤ የሆቴሉን ቀን ማስተካከል ከበረራው ይቀላል። «መሰረዝ እፈልጋለሁ» ሳይሆን «ቀን መቀየር እፈልጋለሁ» በሉ፤ አንዴ ከተሰረዘ ወደ ኋላ መመለስ ያስቸግራል። ስልኩን ሳትዘጉም ለውጡ በጽሑፍ እንዲላክላችሁ ጠይቁና እስኪደርሳችሁ መስመር ላይ ጠብቁ።