«ሲስተር፣ ብናገር ያባርሩኛል?»

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፤ ጠዋት በሰርቪስ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከወሎ ገጠር እየመጡ በየፋብሪካው የሚቀጠሩ ወጣት ሴቶች በዝተዋል። ሲያረግዙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጽንሱ አይደለም። በሩን ዘጋ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲስተር፣ ብናገር ያባርሩኛል?» ይሉኛል።

አብሽሪ፣ ሊያባርሩሽ አይችሉም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ጊዜ፣ ከወለደችም በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ማሰናበትን ይከለክላል። ከእርግዝናው ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋት ካጠፋሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ «ሕጉ ከኔ ጋር ነው» ብለሽ ሳታስፈቅጂ መቅረት እንዳትጀምሪ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሆዷን በሻሽ አስራ፣ ሰፊ ጋውን ደርባ ስድስት ወር የምትደብቅ ልጅ አለች። ድርጅቱ ካላወቀ ከማታ ሺፍት የሚያወጣት የለም። አዙሯት ስትወድቅ ነው ወደኔ የሚያመጧት።

ወረቀቱን እንዲህ አድርጊው

የወር አበባሽ እንደቀረ ጤና ጣቢያ ሂጂና ክትትል ጀምሪ። ሦስት ወር ሳይሞላሽ ቢሆን ይመረጣል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉም ወሊዱም በነፃ ነው። የእርግዝናውን ዕድሜና የመውለጃ ቀንሽን የሚገልጽ ማስረጃ ጠይቂ። ሁለት ኮፒ አስነሺ። አንዱን ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) ስጪ፤ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለሽ፣ ቀን አስጽፈሽ፣ አስፈርመሽ ቤትሽ አስቀምጪ። ስልክሽም ላይ ፎቶ አንሺው። ለሱፐርቫይዘር በቃል መንገር እንደ መናገር አይቆጠርም። ሱፐርቫይዘር ነገ ወደ ሌላ ላይን (የማምረቻ መስመር) ይዛወራል፣ ወይ «አልነገረችኝም» ይላል።

ለእርግዝና ምርመራ የምትሄጂበት ቀን ደመወዝ የማይቆረጥበት ፈቃድ ነው። መታከምሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ መመለስ ብቻ አትርሺ።

አሁን ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር። ሥራሽ ላንቺ ወይም ለጽንሱ ጎጂ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ፣ አሠሪው ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውርሽ ይገባል። ሐኪሞች ግን ብዙ ጊዜ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ወረቀት አይጠቅምሽም። ፕሮዳክሽን ላይ ካውያም ቀላል ነው የሚል አለቃ አይጠፋም። ሐኪሙ ሥራሽን አያውቀውምና አንቺ ንገሪው፦ «ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምተኩሰው፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ነው፣ የታሰረ ጨርቅ ተሸክሜ አመላልሳለሁ» በይው። እሱም «ለረጅም ጊዜ መቆም፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ሙቀትና ኬሚካል ያለበት ቦታ መሥራት የለባትም» ብሎ በዝርዝር ይጻፍልሽ። ያኔ ኤችአሩ የሚተረጉመው ነገር አይኖረውም። አንቺም የምትፈልጊውን ቦታ ስም ጠርተሽ ጠይቂ፦ ተቀምጦ ክር መልቀም፣ ሌብል መቁጠር፣ የሚመስልሽን። «የሆነ ቦታ ቀይሩኝ» ካልሽ የሆነ ቦታ ነው የሚቀይሩሽ።

ላይን ላይ

ከሁሉ በላይ የማየው ጉዳት ከማሽን የሚመጣ አይደለም፤ ከውኃ ጥማት ነው። ታርጌት፣ ማለት መሞላት ያለበት የምርት መጠን አለ። ሽንት ቤት ለመሄድ ላይኑን ማቆም ወይም ሰው መለመን ይመጣል። ስለዚህ ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ውኃ አትጠጣም። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ብርድ አይደለችም፤ ከቀትር በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ፣ የካውያው ከታች ነው። ሽንት ሲያዝና ውኃ ሲያንስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይከተላል። እሱ ደግሞ ካልታከመ ያለጊዜው ምጥ ሊያመጣ ይችላል። አንድ ሊትር ሃይላንድ ይዘሽ ግቢ፣ ከምሳ በፊት ጨርሺው፣ ሞልተሽ ድገሚው። ከላይን መሪዋ ጋር ቀድመሽ ተስማሚ፦ ስትነሺ ማን ይተካሽ? ሲሸኑ ማቃጠል፣ ወይም ከትኩሳት ጋር የጎን ሕመም ካለ ያኑ ዕለት ነይ፤ «እሑድ እታያለሁ» አይባልም።

ቆመሽ መሥራትሽ ግድ ከሆነ አንዱን እግርሽን ዝቅ ያለ ሳጥን ላይ አድርጊ፣ በየተወሰነ ጊዜ ቀይሪው። ምሳ ሰዓት እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተቀመጪ። ስፌት ላይ ከሆንሽ ሆድሽ እየገፋ ሲሄድ ከጠረጴዛው ትርቂያለሽ፣ ጀርባሽም ይጎብጣል። ወንበርሽን አስተካክሉልኝ በይ፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የቆሻሻ ማስለቀቂያው ኬሚካል ደግሞ አለ፤ ያ ልብሱ ላይ በመርጫ ሽጉጥ የሚረጨው። ከትልቁ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ ተገልብጦ፣ ምን እንደሆነ ሳይጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አያለሁ። ይህ ለማንም አደጋ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን እዚያ ክፍል መግባትም አልመክርም። የጨርቅም ሆነ የሐኪም ማስክ ብናኝ ቢቀንስ እንጂ የኬሚካል ትነት አያቆምም። ጀሪካኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ አምጪልኝ፤ ለሐኪምሽም አሳዪው።

ማታ ሺፍትን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። ኦቨርታይምም አትሠራም። እዚህ ጋ የሚጣሉኝ ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፤ «ሲስተር፣ ኦቨርታይሙ ከቀረ የቤት ኪራዩ በምን ይከፈላል?» እውነታቸውን ነው፣ ደመወዙን አውቀዋለሁ። ግን ድካሙ ጽንሱ ላይ ነው የሚያርፈው። የምመክረው ከወዲሁ ማስተካከል ነው። ዕቁብ ካለሽ ቀደም ብሎ እንዲደርስሽ ዳኛዋን ለምኚ፣ ወይም መጠኑን አሳንሺ።

ከደሴ ለምትመላለሱ፦ ሰርቪስ ውስጥ ከኋላ ጎማው በላይ አትቀመጡ፣ መንገጫገጩ እዚያ ይብሳል። ቀበቶ ካለ የታችኛው ከሆድ ሥር፣ ዳሌ ላይ ይታሰር።

አይረን እንክብሉን ከቡና ጋር አትውሰጂ። ወሎ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ አይነሳም፤ ቡናና ሻይ ግን አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታል። አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከመድኃኒቱ ነው። ረመዳን ላይም ሆነ በሁዳዴ፣ ቆመሽ እየሠራሽ ከመጾምሽ በፊት ሐኪምሽንና የሃይማኖት አባትሽን ወይም ሼኽሽን ጠይቂ። በሁለቱም ሃይማኖት ለነፍሰ ጡር ቦታ አለ።

«ማታ ማታ ጫማዬ ይጠበኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የእግር እብጠት ብቻውን፣ አድሮ የሚቀንስ ከሆነ የተለመደ ነው። ጠዋት ስትነሺ ፊትሽ ካበጠ፣ ቀለበትሽ አልወጣ ካለ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ ግን የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ደም ከፈሰሰ፣ ውኃ ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሺፍት እስኪያልቅ አትጠብቂ። ማሽኑን አጥፊና ተነሺ። ፈቃዱን ከክሊኒክ እኛ እንጨርሰዋለን።

ፈቃዱና መልሱ

ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ሁለቱም ከደመወዝ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ዕረፍት ካዘዘልሽ እሱም ለብቻው ይከፈላል። ቀንሽ ካለፈ እስክትወልጂ ይራዘማል፤ ቀድመሽ ከወለድሽ የ90 ቀኑ ፈቃድ ይጀምራል። ባልሽም ተቀጣሪ ከሆነ ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለው። ገንፎውን ያገላብጥ። የዓመት ፈቃድሽን ሳትጨርሺ ብትቆዪና ከወሊዱ ፈቃድ ጋር ብታያይዢው ትጠቀሚያለሽ፤ ግን ቀድመሽ በጽሑፍ አስፈቅጂ።

ስትመለሺ ልጁ ስድስት ወር አይሞላውም። የጡት ወተት ብቻ የሚመከረው ግን እስከ ስድስት ወር ነው። ለማጥቢያ የተለየ የዕረፍት ሰዓት አዋጁ ላይ አልተቀመጠም። ስለዚህ የሚገኘው በኅብረት ስምምነት ወይም በልመና ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል፣ ማኅበሮቻችንም ከደመወዝ ቀጥሎ መደራደር ያለባቸው በዚህ ነው እላለሁ። እስከዚያው ማለብን ተለማመጂ፤ ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ክዳን ያለው፣ ተቀቅሎ የደረቀ ብርጭቆ ያዢ። ጡትሽን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ እሺ። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች፣ ከጥቁሩ ክብ ጠርዝ ላይ አድርጊ። ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ከዚያ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ። ጫፉን መሳብ የለም፤ ካመመሽ አያያዝሽ ልክ አይደለም። መጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ቆይቶ ይፈስሳል። ሽንት ቤት ውስጥ አይታለብም። እኛ ጋ አንድ ጥግ በመጋረጃ ከልለናል፤ እናንተ ጋ ከሌለ አንድ ወንበርና አንድ መጋረጃ ጠይቁ።

የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጭ ቢበዛ ለአራት ሰዓታት ያህል ይቆያል፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ግን እዚያ ድረስ አትጠብቂ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። የክሊኒኩ የመድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ግን ወተት አይገባም፣ አትለምኑኝ። በረዶ የተያዘበት የምግብ ፔርሙዝ ይበቃል። ቤት ያለችው አያት በጡጦ ፈንታ በትንሽ ንጹሕ ስኒ ታጠጣው፤ ጡጦ አጽድቶ መያዝ ከባድ ነው። «ወተትሽ አይበቃውም» ብላ የላም ወተት እንዳትጨምር ቀድመሽ ተነጋገሪ። በኋላ ከሥራ ሆነሽ በስልክ መከራከር አይመችም።

ጡትሽ ቀልቶ፣ ተግሎ፣ ትኩሳት ካመጣ ማለቡንም ማጥባቱንም አታቁሚ፤ ወደ ክሊኒክ ነይ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቢያሰናብቱሽ፣ ወይም «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ ቢሉሽ፣ አትፈርሚ። መጀመሪያ ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የከተማው መንግሥት መሥሪያ ቤት ሂጂ፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ። ወደ ሥራ መመለስ ከፈለግሽ ክሱ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አራስ ቤት ሆነሽ ሦስት ወር ሳታውቂው ያልፋል፤ ስለዚህ ወንድምሽን ወይም እህትሽን ያን «ተቀብያለሁ» የተባለበትን ኮፒ አስይዘሽ ላኪ።