ስደተኛ ጎረቤት ሲመጣ እንዴት እንቀበለው?

ጎረቤቱ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በሩን አንኳኩ። ከሁለት ሰው በላይ አትሁኑ፤ ከወታደር ሸሽቶ የመጣ ሰው ብዙ ሰው ደጁ ላይ ሲቆም ይደነግጣል። ስሙን ጠይቁና በትክክል እስክትጠሩት ድረስ ደጋግሙት፤ ለእናንተ እንዲመች ብላችሁ አታሳጥሩት። ሩብ ሰዓት ይበቃል። የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ቅርብ ያለው ክሊኒክና ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ስጡት። ብዙ ጊዜ ጎረቤት የሚቀያየመው ለአዲሱ ሰው ማንም ባልነገረው ደንብ ነው።

«ለምን ተሰደድክ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ራሱ ካወጋችሁ እናንተው ዘንድ ይቅር፤ ፎቶውንም ሳያውቅ አትለጥፉ። አገር ቤት የቀሩ ዘመዶቹ በዚያ ሊጎዱ ይችላሉ።

ልጆችን አስተርጓሚ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ስለሚለምድ ይመቻል እንጂ፣ እናት በልጇ ፊት ሕመሟን ለሐኪም በግልጽ አትናገርም። ያገሩን ሰው ሁሉ አስተርጓሚ ይሆነዋል ብላችሁም አታምጡ፤ የሸሸው ከዚያ ወገን ሊሆን ይችላልና አስቀድማችሁ ጠይቁት። ስትነጋገሩ አስተርጓሚውን ሳይሆን ባለጉዳዩን እያያችሁ፣ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

ጎረቤት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን በደብዳቤ ነው። ፈቃደኛ ከሆነ አብራችሁ አንብቡ፤ የቀጠሮና የመጨረሻ ቀኖችን ፈልጋችሁ ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ፤ ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን አስቀምጡለት። ያለፈ ቀጠሮ ፋይል ሊያዘጋ ይችላል። የጥገኝነት ማመልከቻ ግን እናንተ አትሙሉ። የተዛባ ቀን ወይም በሁለት መንገድ የተጻፈ ስም በኋላ እንደ ውሸት ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ ወደ ጠበቃ ወይም የሕግ ድጋፍ ወደሚሰጥ ድርጅት ውሰዱት። ስደተኛ መሆኑ የታወቀለት ሰው ልጅ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እምቢ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22፣ ይህን አንቀጽ በግዴታነት አንቀበልም ብለው ካላስመዘገቡ በቀር፣ ፈራሚ አገሮች ልጁን እንደ ዜጋ እንዲያስተምሩ ያስገድዳል፤ ይህን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ።

አንዴ በጅምላ ከምትረዱት በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ስጡት፤ አትቅሩም። እሱም እንዲሰጥ ቦታ ልቀቁለት፦ ዕቃ ተዋሱት፣ የሚችለውን ሥራ አማክሩት፣ ያቀረበውን ቅመሱ። ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ ሰው እንግዳ እንደሆነ ይቀራል። ቋንቋው ሲሻሻል ቢሮ እሱ ይደውል፤ እናንተ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ሲጠይቃችሁ ብቻ ግቡ።